ወንዙን ያልተሻገሩት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቦታ ያጣም ከጓደኛው ጎን ይሸጎጥ፤ ዛሬ የምተርክላችሁ የሩቅ አገር ነገር ነው። አገሩ ሩማንያ ይባላል፣ ወንዙ ዳኑብ ይባላል፣ ዘመኑ ደግሞ በእኛ 1908 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሊወርዱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አሮጌው ዓመት ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን በገባችበት ዕለት፣ አንድ ሠራዊት ፊቱ ጠላት ኋላው ወንዝ ሆኖበት አለቀ። ቀኑን ከዚህ ወዲያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጠራሁ እሄዳለሁ፣ እንዳንጠፋፋ።

ሩማንያ የገበሬ አገር ነበረች። ስንዴና በቆሎ ታበቅላለች፣ ከመሬቷ ሥር ነዳጅ ይፈልቃል፣ ሕዝቧ ኦርቶዶክስ ነው፣ ያን ጊዜም ቀኑን የሚቆጥረው ከቀሪው አውሮፓ 13 ቀን ወደ ኋላ በሚቀረው በአሮጌው አቆጣጠር ነበር። ታዲያ ያ ገበሬ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል እንጂ አብዛኛው መሬት የእሱ አልነበረም። ሰፋፊው እርሻ የባላባቶች ነበረና፣ ባላባቶቹም ከተማ ተቀምጠው መሬቱን በጅምላ ለተከራይ ይሰጡ ነበርና፣ ተከራዩም በተራው ገበሬውን ያልበው ነበርና፣ በ1907 ገበሬው ምርር ብሎት ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተበት፣ በመንደሮች ላይ መድፍ ተተኮሰ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ያን ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆኖ ዐመፁን የደመሰሰው ሰው ጄኔራል አሌክሳንድሩ አቬሬስኩ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ንጉሡ ካሮል ጀርመን ተወልዶ ሩማንያን የገዛ ሰው ነበርና፣ በ1883 ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሀንጋሪ ጋር በምስጢር ውል ተዋውሎ፣ ውሉን ከጥቂት ሚኒስትሮች በቀር ሰው ሳያውቀው ኖረ። ከዚያም በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ መኳንንቱ ከኦስትሪያ ጎን አንዋጋም ብለው እምቢ አሉት፣ እሱም በኦክቶበር ወር ሞተና የወንድሙ ልጅ ፈርዲናንድ ነገሠ። ሩማንያም ሁለት ዓመት ዳር ቆማ አየች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮን ብራቲያኑ አንድ ጆሮውን ለዚህ፣ አንድ ጆሮውን ለዚያ ሰጥቶ ይጠብቅ ነበር። ልቡ ግን ከተራራው ማዶ ነበረ። ትራንሲልቫኒያ የምትባለው አገር በሀንጋሪ ዘውድ ሥር ትሁን እንጂ ከሕዝቧ የሚበዛው ሩማንያዊ ነበርና፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሩስያም ጭምር ከእኛ ጋር ከዘመታችሁ ያች አገር የእናንተ ትሆናለች ሲሉት፣ በኦገስት 1916 ፈረመ።

ኦገስት 27 ቀን በኮትሮቼኒ ቤተ መንግሥት ሸንጎ ተቀመጡ። ንጉሡ ዘመዶቹን ሊወጋ የተቀመጠ ሰው ነውና ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሽማግሌው ፔትሬ ካርፕ ተነሥቶ ይህ ጦርነት ጥፋት ነው፣ እኔ የአገሬን ሽንፈት እመኛለሁ ብሎ ተናገረ፣ ሸንጎውም ደነገጠ። ቃሉን ግን ማንም አልተከተለውም፤ ብራቲያኑ ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል። በዚያው ሌሊት፣ በእነሱ ቀን የእመቤታችን የዕረፍት በዓል ሊነጋ ሲል፣ ወታደሩ የካርፓቲያን ተራሮችን በሮች አልፎ ገባ። በየከተማው ደወል ተደወለ፣ አበባ ተበተነ፣ ሕዝቡም በደስታ አነባ። እስቲ አስቡት፤ ያ ገበሬ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መሬት ብሎ የጮኸው፣ ጥይት የጠገበው፣ አሁን ጠመንጃ ተሸክሞ የሌላ መሬት ሊያስመልስ በሌሊት ተራራ ይወጣል። ለራሱ የሚያርስባት ጋሻ መሬት ግን ገና የለውም።

ከአራቱ ጦሮች ሦስቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ዘመቱ፤ አንዱ ብቻ በጄኔራል ሚሃይል አስላን እጅ ደቡቡን እንዲጠብቅ ቀረ። ብራቲያኑ ቡልጋሪያ አትወጋንም ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሁሉ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1913፣ ቡልጋሪያ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትዋጋ ሩማንያ ከጀርባ ገብታ ደቡብ ዶብሩጃን ወስዳባት ነበር። ቡልጋሪያም ስታብሰለስል ከረመች፤ የደረሰባትን አልረሳችም፣ ሰውም እንዲህ ያለውን አይረሳም። የወሰዱበትን ሰው ዝም ስላለ ብቻ ታርቋል ብሎ ጀርባ መስጠት ምን ይባላል? ሴፕቴምበር 1 ቀን ቡልጋሪያ ጦርነት ዐወጀች፣ በማግስቱም ወታደሯ ድንበሩን ተሻገረ። ከበላይ ሆኖ የሚመራው የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ማከንዘን ነበር።

ያች የተወሰደችው ምድር ዳር ላይ፣ በዳኑብ ቀኝ ዳርቻ፣ ቱርቱካያ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። ማዶዋ ኦልቴኒጻ ነው፣ ከኦልቴኒጻም ወደ ዋና ከተማው ወደ ቡካሬስት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሩማንያውያን ከተማዋን በግማሽ ክብ ከበው 15 ቁጥር የተሰጣቸው ምሽጎች ሠርተውባት ነበር፤ ምሽጉም ግራና ቀኙ ወንዙን ነክቶ የተቀመጠ የፈረስ ኮቴ ይመስል ነበር፣ ከፊቱም ባለ እሾህ ሽቦ ተዘርግቷል። በዚያ ዓመት ፈረንሳዮች ቬርደን ላይ ወራት ሙሉ ጠላትን ገትተው ነበርና፣ ቱርቱካያም የእኛ ቬርደን ናት የሚል ወሬ ይወራ ነበር። አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበውም። ከዚያ ፈረስ ኮቴ ጀርባ ሰፊው ዳኑብ ይፈሳል፣ በዳኑብም ላይ ድልድይ የለም።

የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ኮንስታንቲን ቴዎዶሬስኩ ነበር። ሰዉ መጀመሪያ 20,000 ያህል ነበር፤ መድፉ ሲያጓራ ጊዜ ከማዶ ርዳታ ይላክ ጀመር። ርዳታውም አንድ ላይ አልመጣም፤ አንድ ሻለቃ ይሻገራል፣ ከዚያም ደግሞ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው፣ በጀልባ በጀልባ እየተጫነ፣ አፈሩን ሳያውቀው፣ አዛዡን በመልክ ሳይለየው፣ ከወንዝ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሳቱ ይገባል። በጠቅላላው ወደ 39,000 ሰው በዚያች ግማሽ ክብ ውስጥ ገባ። ብዙ ሰው ነው፤ ነገር ግን በጭብጥ በጭብጥ የተበተነ እህል ሌማት አይሞላም።

ሴፕቴምበር 5 ቀን ማለዳ የቡልጋሪያው ጄኔራል ኪሴሎቭ መድፎቹን አንድ ላይ ለቀቀ። በጋው ገና አልወጣም፣ ምድሩ ደርቋል፣ የበቆሎው አገዳ ቆሟል፣ ስለዚህ መድፉ ሲመታ አቧራው ተነሥቶ የሚተኩሰውም የሚተኮስበትም አይተያይም ነበር። ከዚያም እግረኛው ተነሣ። ቡልጋሪያዎቹ የተወሰደባቸውን መሬት ሊያስመልሱ የመጡ ናቸውና፣ እየወደቁም እየተነሡም ሽቦውን ቆርጠው፣ በሳንጃ ወደ ምሽጉ ገቡ፤ ከእነሱም ወገን በእነዚያ ቀኖች ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ ወደቀ። ከሩማንያም ወገን እስከ መጨረሻው ጥይት የተዋጋ አለ፣ ገና መድፉን ሲሰማ የሸሸም አለ፤ ሁለቱም የአንድ መንደር ልጆች ነበሩ፣ ስለዚህ በአንዱ ልመጻደቅ በአንዱ ልፈርድ አይቻለኝም። ሲመሽ ዋናው መስመር ተሰብሮ ነበር። ሌሊቱን የተረፈው ሰው ወደ ከተማዋ እየሸሸ፣ ወደ ወንዙም እየተጠጋ አደረ።

ሲነጋ ሴፕቴምበር 6 ነው። ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ በቡልጋሪያ እጅ ገብቷል፣ ከታች ዳርቻው ሰው ብቻ ነው። ጀልባው ጥቂት ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ሺህ በሺህ ላይ ነው። አንዲት ጀልባ ስትጠጋ መቶ ሰው ይገባባታል፣ ትዘቀዝቃለች፣ ትገለበጣለች። ዋና የሚችለው ቡት ጫማውን አውልቆ፣ ጠመንጃውን አሸዋ ላይ ጥሎ ገባ፤ የማይችለው ጣውላ አቅፎ፣ ግንድ ተደግፎ ገባ። አብዛኛው የሜዳ ገበሬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መድፉም ከኮረብታው ውኃውን ይደበድበው ነበር፣ ዳኑብም የተቀበለውን ይዞ ዝም ብሎ ወደ ታች ይሄድ ነበር። ጥቂት ሺህ ሰው ተሻገረ።

ከተሻገሩትም መካከል ጄኔራል ቴዎዶሬስኩ ነበረ። አዎን፣ ወገኖቼ። አዛዡ ምሽጉን ለአንድ ኮሎኔል አስረክቦ በጀልባ ወደ ኦልቴኒጻ ተሻገረ፣ ወታደሩም ከዳርቻው ሆኖ አየው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሌላውን ብረሳ ይህችን አልረሳም፤ የሚመራቸው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሲርቅ፣ አሸዋው ላይ የቆሙት ልጆች ምን ተባባሉ ይሆን? ወዲያው ከሰዓት በኋላ የቀረው ሁሉ እጁን ሰጠ፤ 480 መኮንንና ወደ 28,000 ወታደር ተማረከ። ከምርኮኞቹ አንዱ ጆርጅ ቶፕርቻኑ የሚባል ወጣት ባለቅኔ ነበር፤ እስከ 1918 በቡልጋሪያ ምርኮ ኖሮ ሲመለስ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈው፣ ሩማንያውያንም ያንን ቀን እስከ ዛሬ የሚያዩት በእሱ ዓይን ጭምር ነው። ጦርነቱ ከታወጀ ይህ ሁሉ የሆነው በ10 ቀን ውስጥ ነበር።

ወሬው ቡካሬስት ሲደርስ ከተማው ተናወጠ። አበባ የበተነው ሕዝብ አሁን ማን ሸጠን ይል ጀመር። አስላን ተሻረ፤ በምትኩ ደቡቡን እንዲይዝ የተጠራው ማን መሰላችሁ? አቬሬስኩ ነው። ከዚያም የጦር አለቆቹ ተሰብስበው መከሩና፣ ሰሜን የገባው ጦር ባለበት ይቁም፣ ከእሱም ተቀንሶ ወደ ደቡብ ይምጣ አሉ። ይህች ውሳኔ ናት አገሩን የጎዳችው፤ በተራራው ማዶ ጠላት ገና ሳይሰናዳ፣ መንገዱ ገና ክፍት ሳለ፣ ገስጋሹ ሠራዊት ቆመና ቆፍሮ ተቀመጠ፣ ወታደሩም በባቡር ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሳምንታት አለፉ። አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ብትወድቅ የመሪዎቹ ልብ አብሯት ወደቀ።

አቬሬስኩ ግን ሐሳብ ነበረው። ዳኑብን ፍላምንዳ ከሚባል ቦታ ተሻግሮ ማከንዘንን ከጀርባው ሊመታ አሰበ፣ ኦክቶበር 1 ቀንም ወታደሩ በጀልባ መሻገር ጀመረ፣ ድልድይም በጀልባ ላይ ተዘረጋ። ከዚያም ሰማዩ ጠቆረና ማዕበል ወረደ፣ ወንዙ ሞላ፣ ድልድዩ ይናጥ ጀመር፤ የኦስትሪያ የጦር ጀልባዎችም መጡና ተንሳፋፊ ፈንጂ ለቀቁበት፣ መድፍም ተኮሱበት። ሲሰበር ይጠግኑታል፣ ሲጠግኑት ይሰበራል። በዚያው ሰሞን ከሰሜን የጀርመኑ ጄኔራል ፋልከንሃይን ሲቢዩን ያዘ የሚል ወሬ መጣና፣ አቬሬስኩ የተሻገረውን ሰው መልሶ አሻገረ። ዳኑብ ሁለተኛ እምቢ አለ።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው፣ ምክንያቱም ወደ ታች የሚወርድ ሰው መንገዱ አጭር ነው። ፋልከንሃይን የተራራውን በሮች ሰብሮ ወረደ፣ ማከንዘን ኖቬምበር 23 ቀን በጉም ተከልሎ ዳኑብን ተሻገረ፣ ሁለቱም ወደ ቡካሬስት ገሠገሡ። በአርጄሽ ወንዝ ላይ ሩማንያ የመጨረሻ ዕድሏን ሞከረች፤ ጠላቶቿ ሳይገናኙ አንዱን ለብቻው ልትመታ ነበር። የውጊያውን ትእዛዝ የያዘች አንዲት መኪና ግን መንገድ ስታ ሁለት መኮንኖችን ይዛ ጀርመኖች መካከል ገባች፣ ምስጢሩም በጠላት እጅ ወደቀ። ዲሴምበር 6 ቀን ማከንዘን ቡካሬስት ገባ፤ ዕለቱ 67 ዓመት የሞላበት የልደት ቀኑ ነበር። ጠላት እንዳይጠቀምበትም የነዳጁ ጉድጓድና ማጣሪያ በእሳት ተቃጠለ፣ ጭሱም ሰማዩን አለበሰው።

መንግሥቱ፣ ንጉሡ፣ ሠራዊቱ፣ የቻለም ሁሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ያሽ ወደምትባል ከተማ ሸሸ። የብሔራዊ ባንኩ ወርቅና የንግሥቲቱ ጌጥ ለጥበቃ ተብሎ በባቡር ወደ ሞስኮ ተላከ፤ ወርቁ ከ90 ቶን በላይ ነበር፣ አልተመለሰም። ክረምቱ ደግሞ ከጠላት የከፋ ሆኖ መጣ። በረዶው ጋሪውን ያዘ፣ በሬው መንገድ ላይ ቆሞ ሞተ፤ በጃንዋሪ 1917 ስደተኛና ቁስለኛ ጣሪያው ላይ ሳይቀር የተጫነበት ባቡር ያሽ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ቹሬያ ላይ ተገልብጦ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከዚያም በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ገባና ሐኪሙንም በሽተኛውንም አንድ ላይ አጨደ።

ንግሥት ማሪ በ1916 ኖቬምበር መባቻ የሦስት ዓመት ልጇን ሚርቻን በበሽታ ቀብራ ነበር። ልጇን ከቀበረችበት አገር ተሰዳ፣ ያሽ ገብታ በየሆስፒታሉ ትዞር ጀመር፤ አንሶላ የሌለው አልጋ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተኙትን ታያለች፣ ትዳብሳለች። ሐኪሞቹ በሽታው እንዳይዛት የጎማ ጓንት አድርጊ አሏት። እሷ ግን ወታደሮቹ እጄን ይስማሉ፣ እንዴት ጎማ እንዲስሙ አደርጋለሁ ብላ ባዶ እጇን ሰጠቻቸው። ያ እጅ ከስንት ዐዋጅ ይበልጥ ነበር፤ ቱርቱካያ ላይ ጀርባ ያየ ሠራዊት እዚያ እጅ አየ።

ወዲያው በማርች 1917 የሩስያው ዛር ወረደ። በሩማንያ ግንባር የነበሩት የሩስያ ወታደሮች በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፣ እነሱም ቀይ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ሰክተው ስለ መሬትና ስለ ሰላም ያወሩ ጀመር። የሩማንያ ገበሬ ይህን እየሰማ ነው። ንጉሡም ይህን ዐወቀና፣ ኤፕሪል 5 ቀን ወደ ግንባሩ ወርዶ በወታደሮቹ ፊት ቆመ። እናንተ የገበሬ ልጆች በክንዳችሁ የምትጠብቁት ምድር ይሰጣችኋል፣ በአገራችሁም ጉዳይ ድምፅ ይኖራችኋል አላቸው። በበጋውም ሸንጎው ሕገ መንግሥቱን ለዚህ አሻሻለው። ፍርሃት አናገረው የሚል አለ፣ እውነትም ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ያን ቃል ያወጣው ሽንፈቱ ነው እላለሁ። በ1907 የጮኸ ጥይት ተመለሰለት፤ ጌቶቹ ምድራቸውን አጥተው አንዲት ጠባብ ጥግ ሲቀራቸው ግን፣ ያችን ጥግ ሊያድንላቸው የሚችል ከዚያ ገበሬ በቀር ማንም እንደሌለ አዩ።

በዚያ በጋ ሠራዊቱ ሌላ ሠራዊት ነበር። የፈረንሳዩ ጄኔራል ቤርትሎ ከነመኮንኖቹ መጥቶ አሠልጥኖታል፣ መሣሪያም ደርሶታል። ማራሽቲ ላይ አቬሬስኩ አጠቃ፤ ከኦገስት 6 እስከ ሴፕቴምበር 3 ደግሞ ማራሼሽቲ ላይ ማከንዘን ራሱ መጣና ገፋ፣ ጄኔራል ኤሬሚያ ግሪጎሬስኩም ያለበትን አልለቀቀም። በጠራራው ፀሐይ በሸሚዝ ብቻ ሆነው በሳንጃ የተዋጉ ነበሩ፤ ከዓመት በፊት ወንዝ ዳር የቆሙት ልጆች ወንድሞች ናቸው።

ከዚያም ሩስያ ከጦርነቱ ወጣችና ሩማንያ ብቻዋን ቀረች፣ በሜይ 1918 መራራ ውል ፈረመች፤ ዶብሩጃን አስረከበች፣ የተራራዋን በሮች አስረከበች፣ ነዳጇን ለ90 ዓመት አከራየች። ንጉሡ ግን ያን ውል አላጸደቀውም። በኖቬምበር ጀርመን ልትወድቅ ስትል ሩማንያ እንደገና ተነሣች፣ ዲሴምበር 1 ቀንም ትራንሲልቫኒያ በአልባ ዩሊያ ከሩማንያ ጋር አንድ ሆንን አለች። ካርፕ የተመኘው ሽንፈትም፣ ብራቲያኑ የተመኘው ድልም፣ ሁለቱም በዚያችው አገር ላይ ደረሱ። ከ300,000 በላይ ወታደር ግን ያን ቀን አላየም።

የመሬቱ ነገርስ? በ1921 ሕጉ ወጣ፣ ከባላባቶቹም ወደ 6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተወስዶ አብዛኛው ለገበሬው ተከፋፈለ። ሕጉ ሲወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው አቬሬስኩ ነው። መሬት ባሉት ላይ ያስተኮሰውን ሰው፣ በምሽግ አብሯቸው ከርሞ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው እንደ አባት ተሸክመው ለሥልጣን አበቁት፣ መሬቱም በእሱ ዘመን ተሰጠ። ተፀፅቶ ይሁን ዘመኑ አስገድዶት፣ ልቡን ፈጣሪ ያውቃል።

ቱርቱካያ ዛሬ ቱትራካን ትባላለች፣ በቡልጋሪያ ውስጥ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ሩማንያ መልሳ ወስዳት ነበር፣ ከዚያም ሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 በክራዮቫ ውል ለቡልጋሪያ ተመለሰች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ሹመንጺ የሚባል መንደር አጠገብ፣ በ1922 የተሠራ የወታደሮች መካነ መቃብር አለ፤ ወደ 8,000 ሰው ዐርፎበታል፣ ቡልጋሪያዊው፣ ሩማንያዊው፣ ጀርመኑ፣ ተደባልቀው ነው የተቀበሩት። መካከሉ ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፣ በላዩም አንድ ዓይነት ቃል በአራት ቋንቋ ተቀርጿል። ዙሪያው እርሻ ነው።